ገበር ያለው ኮት

ልብስ ሰፊዋና ሾፌሩ ሲፋቱ የልጃቸውን ቀናት የተከፋፈሉት በልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ሳሎን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቷ ዘንድ፣ ቅዳሜና እሁድ አባቷ ዘንድ፤ እሁድ ዐሥር ሰዓት ላይ መልሶ ያመጣታል። ወንድምየው ሁለቱንም አስፈርሞ፣ «ልጅቷን አንድ ቀን የከለከለ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» አለ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ዕድሜዋን ጥሎት ስለሄደ ሰፈሩ ሁሉ ቀጭኔ ይላታል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰውየው በር ላይ ሳይጮህ ልጅ አያስረክብም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ማር ሆነላችሁ። ሰዓት አክባሪ፣ «እንደምን ዋልሽ» ባይ። እኔን ብትጠይቁኝ እንዲህ በድንገት የጣፈጠ ሰው ያስፈራኛል። እሷ ግን ጠብ አንገሽግሿታል፤ እሰይ፣ ልብ ገዛ አለች።

አንድ ዓርብ ወፍራም ሱፍ ጨርቅ ይዞ ሱቋ ገባ።

«ለቀጭኔ ኮት ስፊላት። ገበር ይኑረው፤ ኮሌታውም እስከ ጆሮዋ ይድረስ።»

«በዚህ ሙቀት?» ሳቀች። «ልጄን ልትቀቅልልኝ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት መኪና ውስጥ ይበርዳታል ባክሽ።»

አይ ሙያ! ሌላ ሴት ብትሆን በጥያቄ ታፋጥጠው ነበር። እሷ ጨርቁን በጣቶቿ ፈተግ ስታደርገው ጥራቱ ልቧን ሰረቀው። ከዚያ በኋላ የጠየቀችው ሁሉ የልብስ ሰፊ ጥያቄ ነው፤ ቁልፉ ምን ይሁን፣ ኪሱ የት ይዋል። «ሦስት ዓመት እንድትለብሰው ትርፍ ተይለት» ሲላትማ፣ አባትነቱ ትዝ አለው ብላ ጮቤ ረገጠች። እጅጌውና ጫፉ ላይ አራት አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው።

ሊወስድ የመጣ ዕለት ኮቱን ገለባብጦ አየው። «ሲያጥራት እንዴት ነው የሚፈታው?»

አስቡት እንግዲህ! ይህን ለምን ይጠይቃል? ልጅቷ በየሳምንቱ እናቷ ዘንድ አይደለች? ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ቢሆንም ክሩ የት ላይ እንደሚቆረጥ በመቀሷ ጫፍ አሳየችው። እሱም ጎንበስ ብሎ በደንብ አየ።

በማግስቱ ቅዳሜ ልጅቷን ወሰደ። እሁድ ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ዐሥር ተኩል ሆነ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወንድሟ ጋ ብትደውል፣ «መንገድ ይዞት ነው፤ አታሟርቺ!» ብሎ ተቆጣት። ሱቋን ሳትዘጋ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ ሰውየው ወደ ተከራየው ቤት ሮጠች።

በሩ ወለል ብሏል። አከራይዋ ባዶውን ክፍል እየወለወሉ ነበር። አልጋ የለም፣ የልጅቷ ጠረጴዛ የለም፣ መጋረጃው ሳይቀር ወርዷል።

«ጠዋት ቤቱን አስረክበውኝ ሄዱ እኮ» አሏት አከራይዋ ቀና ብለው። «አንቺ አልሸኘሻቸውም እንዴ?»

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ብርድ አገር ነው አለችኝ ልጅቷ። በዚህ ፀሐይ ላብ በላብ ሆና ኮቷን አላወልቅም ብላ። እኔማ ‹እናትሽን ሳትሰናበቺ?› ብያት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ የበሩን መቃን ያዘች። «ምን አለችዎት?»

«ሳቀችብኝ። ‹እማዬማ ታውቃለች፤ ኮቱን የሰፋችልኝ እሷ አይደለች?› አለችኝ።»