ቀዩ ክዳን

የደባርቅ አምቡላንስ አናቱ ላይ ያለው የመብራቱ ቀይ ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ነጥቶ፣ ውኃ የበዛበት ሻይ መስሎ ነበር። የአብዮት በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ያርጋል ይህን አየና አዘነ። ሞተሩ እየሳለ እንደሚነሳ፣ አልጋው አንድ እግር እንደሌለው ግን አላየም። አብዮት ከሩቅ የሚታየው በአናቱ ነው።

ፕላስቲኩን እንዳድስ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ብራና መፋቅ ነው፤ በጓዱ አነጋገር "የአድኃሪ ቆዳ"። ለበዓሉ ሲሆን ግን እጄ ተራማጅ ሆነ። ብራና በማለሰልስበት ድንጋይ፣ ውኃ እያረከፈከፍኩ የነጣውን ገፈፍኩለት። የዚህ ሥራ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ወተት መስሎ ይደበዝዛል፣ ከዚያ በተነፋ አመድና በጨርቅ ለቀናት ሲታሽ ቀዩ ከውስጥ ይወጣል።

ወተት በመሰለበት ቀን እህቴን ሸጊቱን ከቡይት ራስ በቃሬዛ አመጧት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጎንደር ካልደረሰች አትተርፍም አለን። ሾፌሩ ደምለው ሞተሩን አስነሳ፤ እኔም ፕላስቲኩን እንዳለ አምጥቼ ገጠምኩት። ጓድ ያርጋል በሩ ላይ አስቆመን።

"ነጭ ነገር ጭናችሁ በዳባት ልታልፉ ነው? ቀይ ካልሆነ ንቅንቅ የለም።"

እህቴ ከኋላ ታቃስታለች። ሰውየውን በድንጋዬ ልፍቀው ምንም አልቀረኝም። ደግሞም ፈራሁ፤ በዚያ ዘመን በነጭ ሽብር ስም ተወስዶ የቀረ ሰው ብዙ ነው። ሮጬ ቤቴ ገባሁና የባለቤቴን የየሺወርቅን ሙዳይ ክዳን አነሳሁ፤ በቀይ አለላ የተሰፋ ነው። እሷም ጌጧን መሬት ላይ ዘርግፋ ሲባጎ አቀበለችኝ። ክዳኑን መብራቱ ላይ ደፍቼ አሰርኩት።

ጓድ ያርጋል ራቅ ብሎ አየው፤ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። አለፍን። ሸጊቱ ጎንደር ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ተረፉ።

በበዓሉ ዕለት ያደስኩትን ፕላስቲክ ገጠምኩ። ፀሐይ ሲያርፍበት የቅዱሳን ስም የሚጻፍበትን ቀይ ቀለም መሰለ፤ በሕይወቴ እንዲያ ያማረ ነገር አልሠራሁም። ጓዱ ዞሮ ዞሮ አየውና ፊቱን አጨማደደ።

"ጓድ ሀብተ ሚካኤል፣ ያለፈው ይሻላል። እሱ አይብለጨለጭም። መልሰው።"

መለስኩት። ልከራከር እችል ነበር፤ ነገር ግን ሌላ ምጠኛ በሩ ላይ እንድትቆም አልፈለግሁም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የደባርቅ በሽተኛ ሁሉ በየሺወርቅ ሙዳይ ክዳን ሥር ጎንደር ተመላለሰ። መብራቱ ከውስጥ ይበራል ብሎ ደምለው ይምላል፤ ያየው ግን የለም።