የመጀመሪያ በሽተኛ

መካነ ሰላም ላይ ሰው ሐኪም የሚሆነው ትምህርቱን ሲጨርስ አይደለም፤ ሻንጣውን ሲያስር ነው። ቸኮል ዕድሜውን ሙሉ ባዮሎጂ ካስተማረበት ትምህርት ቤት ለቅቆ፣ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች አዘጋጅቶ ወደ ሕክምና ለሚያስገባው የቅድመ ሕክምና ትምህርት ሲመዘገብ፣ ገና አውቶቡስ ሳይሳፈር «ዶክተር» ተባለ። ባጃጅ ነጂው ጠራው፣ ሥጋ ቆራጩ ጠራው፣ የገዛ እናቱ እንኳ «ዶክተርዬ፣ ምሳህ ቀርቧል» አለችው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «ኧረ ገና ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ዝም ያለው ሰልችቶት አይደለም፤ ስለጣመው ነው።

የመሸኛው ዱዓ የተደረገለት በሸህ ሙሐመድ ቤት ነው። ሸህ ሙሐመድ ከእናቱ ጋር በአጥር የሚገናኙ ጎረቤት ናቸው፤ ልጆችን ቁርአን ያስቀራሉ፣ ያስተምራሉ። ከዚያ ሰፈር ሩቅ መንገድ የሚወጣ ሰው፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ የሳቸውን ዱዓ ሳይቀበል አይወጣም። ጫቱ ቀርቦ፣ ጎረቤቱ ዙሪያውን ተቀምጦ፣ የቸኮል እናት አሰጋሽም ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ጋር መዳፏን ዘርግታ፣ ሸሁ ብዙ መረቁት። «እጅህ መድኃኒት ይሁን። የነካኸው ይዳን» አሉ። አሚን ተባለ። መጨረሻ ላይ ፈገግ አሉና «የመጀመሪያ በሽተኛህም እኔ ልሁን፤ ካንተ በፊት ሌላ ሐኪም አይንካኝ» አሉ። ሰዉ እየሳቀ አሚን አለ። ቸኮልም እየሳቀ አሚን አለ።

ከዚያ ሄደና ወደቀ።

የዝግጅቱን ፈተና ያለፈ ወደ ሕክምናው ይገባል፤ የወደቀ ወይ በሚቀጥለው ዙር አንዴ ይደግማል፣ ወይ ወደ መጣበት ይመለሳል። መውደቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ይወድቃል። የሚያሳፍረው የወደቀበት ትምህርት ነበር። ፊዚክስ ስላስፈራው ቀንም ሌሊትም አነበበና አለፈ። ኬሚስትሪውንም እንደምንም አለፈ። ባዮሎጂን ግን «እሱማ የራሴ ነው» ብሎ አልገለጠውም። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ምዕራፍ አንድ ዓይነት ቀልድ እያስገባ ሲያስተምር ኖሮ፣ የሚያውቀው ሁሉ ከተማሪዎቹ መጽሐፍ እንደማያልፍ አንድም ቀን አልጠረጠረም።

ለማንም አልተናገረም። ደሴ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ እናቱ ስትደውል «ትምህርቱ ከብዶኛል እማዬ» እያለ፣ ቀን ቀን ተሸፋፍኖ እየተኛ ክረምቱን ገፋው። መስከረም ሲጠባ ግን እናቱ «ለመስቀል ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ» አለችው። እሷ መጥታ ያንን ክፍል ከምታይ እሱ ቢሄድ ይሻላል ብሎ ተነሣ።

መናኸሪያ ሲወርድ ባጃጅ ነጂው ወንድዬ ሻንጣውን ከእጁ ነጠቀው። «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጣህ። ወፈር ብለሃል፤ የሐኪም ነገር» አለው። ዶክተር አይደለሁም ለማለት መንገዱ በሙሉ ነበረለት፤ ሳይለው ቤቱ ደረሰ። እናቱ «ዕረፍት ሰጧችሁ?» ብላ ስትጠይቀው ደግሞ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ቃል ስላላወጣ ያልዋሸ መሰለው።

«ጫማህንም አታውልቅ» አለችው። «ሸሁ እየጠበቁህ ነው። እግራቸውን አሟቸዋል። ሆስፒታል ይሂዱ ብለን ብንለምናቸው፣ ብንቆጣቸው፣ እምቢ አሉ። የኔ ሐኪም መምጫው ደርሷል ነው የሚሉን።»

ቸኮል «ልረፍና ነገ» ሊል አስቦ ነበር፤ እናቱ በኩራት ኮሌታውን ስታስተካክልለት ሐሳቡን ትቶ ወጣ።

በሩን የከፈተችለት ባሲማ ናት፣ የሸህ ሙሐመድ የመጨረሻ ልጅ። አሥረኛ ክፍል እያለች ባዮሎጂ ያስተማራት እሱ ነው። «ቲቸር... ይቅርታ፣ ዶክተር፣ ይግቡ» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክዎ አንድ ነገር ይበሉልኝ። እኔን አይሰሙኝም።»

ሸህ ሙሐመድ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«መርሐባ ዶክተሬ፣ መርሐባ። ወላሂ እንደምትደርስልኝ አውቄያለሁ።»

«ምን ሆነው ነው ሸሁ?»

«እሾህ ነገር ነው የወጋኝ። ስኳር አለብህ ብለውኝም ነበር። አብሽር፣ አሁን አንተ መጥተሃል» አሉና እግራቸው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ራሳቸው ፈቱት።

ሽታው ቀድሞ መጣ። ትልቁ ጣት ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ወደ እግሩ ጀርባ ወጥቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆዳ ቀልቶ ተወጥሯል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብዎ ሸሁ።»

«አንተ እያለህ?»

«እኔ... መሣሪያ የለኝም።»

«መሣሪያ መች አልኩህ? እጅህን ነው ያልኩህ። አስቀድመህ አንተ እየው፣ ንካው፤ ከዚያ ወዲያ ወደፈለግከው ውሰደኝ። ዱዓ ላይ የወጣ ቃል ነው፤ አሚን ተብሎበታል። ነርሷ እዚህ ድረስ መጥታ ነበር፤ ሐኪሜ እየመጣ ነው ብዬ መለስኳት።»

«መቼ ነው የመጣችው?»

«ነሐሴ ላይ» አለች ባሲማ። «ያኔ ጣቱ ብቻ ነበር።»

ነሐሴ ላይ ቸኮል ደሴ ተኝቶ ነበር።

እግሩ ፊቱ ተዘርግቷል። ነካ አድርጎ «ይሂዱ» ቢላቸው ይሄዳሉ፤ ይህ ገብቶታል። ሁሉም ሐኪም እንደሆነ አምኖ ይቀራል፣ እሱም ደሴ ተመልሶ ይተኛል። እጁን ዘረጋ። ሸሁ «ቢስሚላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተጨፈነውን ዓይን ሲያይ እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ሸሁ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ፈተናውን ወድቄያለሁ። ሲጠብቁት የከረሙት ሐኪም የለም፤ እባክዎ ሌላ ሰው ይንካዎ።»

ባሲማ «በምንድን ነው የወደቁት?» አለች። ክፋት አልነበረበትም፤ ተማሪ የምትጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነው።

«በባዮሎጂ።»

ባሲማ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ቸኮል በሕይወቱ ሰው እንዲሰድበው የተመኘው ያን ጊዜ ነው። እሷ ግን አልተሳደበችም፤ አፈረችለት።

ሸህ ሙሐመድ ጨርቁን አንስተው እግራቸውን ሸፈኑ፤ እንግዳ ሰው የገባባቸው ይመስል ነበር። «እንግዲያ ዱዓችን አልደረሰም» አሉ ቀስ ብለው።

ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ሊወስዱት ነው። ይህን ግን ቸኮል አልቻለውም። «ዱዓውስ ደርሷል ሸሁ። እኔ ነኝ ያላነበብኩት» አለ።

ያኔውኑ በወንድዬ ባጃጅ ሆስፒታል ወረዱ፣ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ደሴ ተላኩ። ቸኮልና ባሲማ አብረው ሄዱ። ደሴ ላይ ያያቸው ሐኪም ከቸኮል በዕድሜ ያንሳል። እግሩን አገላብጦ አየና «ቀደም ብለው ቢመጡ ጣቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ማን ነው እስካሁን ያቆያቸው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ቸኮል።

ሐኪሙ ልጃቸው መስሎት አለፈው። እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ቸኮል የደሴ ክፍሉን ለቅቆ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መካነ ሰላም ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ወንድዬ መናኸሪያው ላይ ቆሟል፤ ሻንጣውን ግን አልነጠቀውም። «እንደምን ዋልክ መምህር» አለው፣ በጨዋ ደንብ። ስንት ዓመት ተከብሮ የኖረበት ስም ነው፤ ያን ዕለት ግን በጥፊ የተመታ ያህል ተሰማው። እናቱም ምሳውን አቅርባ «ቸኮል፣ ብላ» አለችውና ወደ ጓዳ ገባች። ኮሌታውን አላስተካከለችለትም። ማንም ወደማያውቀው ከተማ፣ ወግዲ ወይ ማሻ ሄዶ ሊያስተምር ወሰነ፤ ለመሄድ ግን ሸሁ በሕይወት መግባታቸውን ማየት ነበረበት።

ኅዳር ላይ ገቡ። በማግሥቱ ባሲማ መጥታ «አባባ ይፈልጉዎታል» አለችው። ምን እንደሚሉት መንገድ ላይ ሲያሰላስል፣ ቢረግሙትም እንደማይከፋው ለራሱ ነገረው። እንዲያውም ቢረግሙት ይቀለው ነበር።

ቤቱ ሞልቷል። ጫቱ ቀርቧል፤ የሽኝቱ ዕለት የነበሩት ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። እናቱ ሳትነግረው ቀድማ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ሸህ ሙሐመድ መደቡ ላይ ናቸው፤ ጋቢያቸው በአንድ በኩል ከጉልበታቸው በታች ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«ምነው ሸሁ፣ ይረፉ እንጂ» አለ ቸኮል፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ዱዓ ተቀምጦ ነው የሚደረግ፤ እግር አይፈልግም። ና ተቀመጥ።»

«ለኔ አይገባም ሸሁ።»

«የሚገባውንማ አላህ ያውቃል። የሚቀጥለው ፈተና መቼ ነው?»

«ጥር ላይ።»

«እንግዲያ ጊዜ የለንም» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ሰዉ ሁሉ ዘረጋ። ቸኮልም እንደምንም ተቀምጦ ዘረጋ።

«ያረብ፣ መንገዱን አቅናለት።» አሚን ተባለ። «የከበደውን አቅልለት።» አሚን ተባለ። «የራሱን ትምህርት አስነብበው» አሉ፣ ሳይስቁ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የባሲማ አሚን ነበር። አንድም ሰው አልሳቀም።

«ያረብ፣ የመጀመሪያ በሽተኛው እኔ ልሁን ብዬህ ነበር» አሉ ሸሁ፣ ወደ ላይ እያዩ። «አልሆነም። አሁን አንተ ምረጥለት። ብቻ በሽተኛውን አያስጠብቀው።»

ቸኮል የጋቢውን ባዶ ጫፍ እያየ ነበር። ሁሉም አሚን ብለው ከጨረሱ በኋላ፣ ብቻውን፣ «አሚን» አለ።