የሰትክሊፍ ከንፈር

ኢኖክ ሰትክሊፍ አራት መቶ የሽመና መኪና፣ ከቀበቶው የሚቀድም ሆድና እንግሊዝ ፓርላማ ገብቶ ከመሳፍንት ጋር የመቀመጥ አምሮት ነበረው። አምሮቱ እንቅልፍ ነሳው። ለእሱ ሲል ቀምሶት የማያውቀውን ድህነት አወራ፤ በየመድረኩ «እኔም ሸማኔ ነበርኩ! መኪና ሥር ነው ያደግኩት!» ይላል። መኪና ሥር ያደገስ የአባቱ ድመት ነው።

የምርጫው ዕለት ገበያው መሐል መድረክ ላይ ወጣ። መራጩ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ወንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ሲጠራ የመረጠውን ሰው በአደባባይ ጮክ ብሎ ይናገራል። የሰትክሊፍ ፋብሪካ ሸማኔዎች ሴቶች ስለሆኑ ድምፅ የላቸውም። ከባለሱቆቹ ሥጋና ዳቦ የሚገዙት ግን እነሱ ናቸው።

«ብመረጥ የምሳ ሰዓታችሁን እጨምራለሁ!» አለ። ገበያው በጭብጨባ ተናጋ።

ሰትክሊፍ ፈገግታውን ሳያጠፋ ወደ ጸሐፊው ወደ ፊልዲንግ ዞረና በሹክሹክታ፣ «ከሰኞ ጀምሮ የፋብሪካውን የግድግዳ ሰዓት ጧት ወደ ፊት ግፋው፣ ማታ መልሰው። በምሳ የሰጠኋቸውን በማለዳ እወስድባቸዋለሁ» አለው።

ከገበያው ማዶ ታቢታ ግሪምሾ የምትባል አሮጊት ሸማኔ ከት ብላ ሳቀች።

«እናንተ ሴቶች፣ አያችሁት?»

«አየነው! ሰኞ ሰዓቱን ሊገፋብን ነው!»

ሰትክሊፍ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «ውሸት! ከዚያ ሆነሽ እንዴት ሰማሽ?»

«ምን ጆሮ አለኝና ጌታዬ! መኪናዎ አደንቁሮኛል። እዚያ ጩኸት ውስጥ የምናወራው ከንፈር እያየን ነው። አንዲት ቀን እንኳ ሸምነው ቢሆን፣ ሹክ ሲሉ አፍዎን በባርኔጣዎ ይሸፍኑ ነበር!»

ወዲያው ሥጋ ሻጩ ክሌግ ተጠራ። ሳምንቱን ሙሉ የሰትክሊፍን ቢራ ሲጠጣ የከረመ ሰው ነው። ወደ ሴቶቹ ዞር ቢል ሁሉም ድምፅ ሳያሰሙ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ምን እንደሚሉ አልገባውም፤ ደንበኞቹ ናቸውና ይሄው ይበልጥ አስፈራው።

«ለ... ለሚስተር ሃርግሬቭ!» ብሎ የሰትክሊፍን ተቀናቃኝ ስም ጠራ። ዳቦ ጋጋሪው ተከተለው። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! ሰትክሊፍ በአሥራ አንድ ድምፅ ተበልጦ ወደቀ።

ሰኞ ሰዓቱን የነካው የለም። ሰትክሊፍ አፉን በባርኔጣው ሸፍኖ ከፊልዲንግ ጋር በመኪናዎቹ መሐል አለፈ። ግራና ቀኝ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ሴቶቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ።

ውጭ ሲደርሱ ሰትክሊፍ «ሴቶቹ ምን ይላሉ?» አለ።

ፊልዲንግ ጫማውን እያየ፣ «እኔም እንደ ጌታዬ ነኝ» አለ። «ሸምኜ አላውቅም።»