በቺትስከ ኮፍያ ላይ ያረፈችው ወፍ

ቺትስከ ጉሮሮዋ ፍም የሚመስለውን የሳይቤሪያ ወፍ ለማየት ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ችኩል ሰው አይደለችም። በዚያ የጥር ቅዳሜ ከወፍ ተመልካቾች ማኅበር ጋር የፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር የባሕር ግድብ ላይ ቆማ ነበር። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ባሕሩ ሸሽቶ የተወው ጭቃ እንኳ ድንጋይ ሆኗል። ባሏ ዊብረን ወፍ ሲባል ያንገሸግሸዋል። የመጣው ማኅበሩ ለሚያቀርበው የአተር ሾርባ ነው።

ረፋዱ ላይ ሰዉ ሁሉ አቅራቢ መነጽሩን ከባሕሩ አዙሮ ወደ እሷ ደገነ።

«ምን ሆናችሁ?» አለች።

«እንዳትነቃነቂ» አላት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲፕከ በሹክሹክታ። «እሷው ናት። ኮፍያሽ ላይ።»

ቺትስከ ደርቃ ቀረች። ዓይኗን ወደ ላይ ብትሰቅል የሚታያት የኮፍያዋ ጠርዝ ብቻ ነው።

«ጉሮሮዋ ቀይ ነው?»

«ደም ነው የሚመስለው» አለ ዊብረን ሾርባውን እየማገ። «እኔ እንኳ ወደድኳት።»

«አንተ ዝም በል።»

ወሬው በስልክ ተዛመተ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከሩቆቹ ከተሞች ከግሮኒንገንና ከዝቮለ ሳይቀር ሰው እየነዳ መጥቶ ግድቡን ሞላው። አንዱ እንግዳ «ሴትዮዋ ትንሽ ወደ ግራ ብትዞር፤ ፀሐይዋ አላሳይ አለችኝ» ብሎ አቤት አለ። ሲፕከ አፈጠጠበት። «ሴትዮዋ አባላችን ናት» አለው። ከዚያ ወደ ቺትስከ ጠጋ ብሎ «ግን እስቲ ትንሽ ወደ ግራ በዪልን» አላት። እንደ ከባድ በር ቀስ ብላ ዞረች።

አንዲት ደግ ሴት የእጅ መስታወት ዘረጋችላት። የቺትስከ ትንፋሽ ወዲያው መስታወቱ ላይ በረዶ ሠራ። ተወልውሎ እንደገና ሲቀርብላት ትንፋሿን ዋጠች፤ የሴትዮዋ እጅ ግን በብርድ ስለሚንዘፈዘፍ ያየችው ሰማዩን፣ የዊብረንን አፍንጫና የራሷን ጆሮ ነው።

ከንፈሯ ሲጠቁር ዊብረን አላስቻለውም። አንድ ማንኪያ ሾርባ ይዞ ሕዝቡን እየገፋ መጣና አጎረሳት። ወፏ ብር አለች፣ በቺትስከ ጀርባ በኩል። አንገቷ ተቆልፎ ስለነበር መላ አካሏን አዙራ እስክትደርስ ሰማዩ ባዶ ሆነ።

«ምን አደረግህ አንተ ሰው?» አለ ሲፕከ።

«ሚስቴ በቁሟ በረዶ ትሁንላችሁ?»

በመመለሻቸው አውቶቡስ ውስጥ የማኅበሩ መዝገብ ተከፈተ። በዓይኑ ያላየ አይመዘገብም ይላል ደንቡ፤ ደንቡን የጻፈችው ራሷ ቺትስከ ናት። ሲፕከ አዝኖ፣ ለእሷ ሲባል ይታለፍ ብሎ ድምፅ አሰጠ። አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ፦ ቺትስከ። «ደንብ ደንብ ነው» አለች። ስለዚህ የታየበት ቦታ በሚለው ሥር «የቺትስከ ኮፍያ» ተብሎ ተጻፈ፤ ከተመልካቾቹም፣ ከሁሉ ቀርቦ ያያት እሱ ነውና፣ አንደኛ ሆኖ የዊብረን ስም ሰፈረ።

የወፏን ፎቶ ሊያሳዩአት ሲመጡ በእጇ መለሰቻቸው።

«ተናደድሽ?» አላት ዊብረን።

«ወፏ ትንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «በኮፍያው ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ወይም እኔው ነበርኩ፤ እንጃ።»

ዊብረን ሁለት እጁን አንገቷ ላይ አድርጎ ሌዋርደን ከተማ እስኪደርሱ ድረስ ሲያሽላት ቆየ።