ጠመኔ የማይነካው ሱፐርቫይዘር

ፀጋው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የትምህርት ዕቅድና አመራር ያጠናው ጠመኔ ላለመንካት ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ጃናሞራ ላይ ሰማንያ አራት ልጆች በአንድ ክፍል ይዤ ለማስተምረው ለእኔ ሱፐርቫይዘር ሆኖ መጣ። ከኋላ ተቀምጦ የግምገማ ቅጹን ሲሞላ ቆየና፣ «እትዬ የዓለምወርቅ፣ የማስተማር ዘዴዎ ኋላ ቀር ነው» አለኝ።

ጠመኔዬን ይዤ ጠጋ አልኩት። «እስቲ ልጄ፣ አንዴ አሳየን!»

«እኔ የአመራር ባለሙያ ነኝ፤ ማስተማር ሙያዬ አይደለም» ብሎ ከአምስት ሁለት ሰጠኝ።

በወሩ «ውጤታማ የማስተማር ዘዴ» ለሚባል ስልጠና ደባርቅ ተጠራን። አሰልጣኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፀጋው! ሦስት ቀን ሙሉ ስላይድ አነበበልን።

ስመለስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ፤ «ሦስት ቀን ከሥራ ገበታዎ ቀርተዋል» ይላል። የፈረመው ፀጋው ነው።