ሳምቡሳ ሳምቡሳ የሚሸት ሞተር

አጎቴ ጋሽ እንደሻው ለጎረቤታችን ለእትዬ ናፊያ ቃል የገቡት እኔን ሳይጠይቁ ነው። የልጃቸው የለይላ ሠርግ ሐሙስ ነበር። ጀጎል ውስጥ ያለችው ጠባቧ መንገዳችን ግድግዳዋ ለዚያው ሰማያዊ ተቀብቷል፣ ድንጋዩም ታጥቧል። የአጎቴ አሮጌ ሞተር ሳይክል ግን በቆመበት ሁሉ ዘይት ያንጠባጥባል።

«ሐሙስ ጠዋት አንዲት ጠብታ ካገኙ ኤረር በር ወስጄ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ» አሏቸው።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀራቸው ይሄ ሞተር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ይዋሰዋል፤ ስለዚህ በራቸው ሳይንኳኳ አይውልም።

«ጀርመን የተማርከው መካኒክ አይደል? በል እንግዲህ» አሉኝ።

የተማርኩት ስለ ነፋስ ተርባይን ነበር። ያንን ግን ከተመለስኩ ጀምሮ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጥቤ አደረቅሁት። አጎቴ ከትምህርት ቤት የተረፋቸውን ጠመኔ ወቅጠው ሰጡኝና ነሰነስኩበት፤ ዘይቱ የሚወጣበት ቦታ ነጩ ላይ እንዲታይ። አስነስቼ፣ እኔም ሞተሩም ነጭ በነጭ ሆነን፣ ፈረስ መጋላ ደርሼ ተመለስኩ።

«ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር።

ጠመኔው ያልረጠበበት ቦታ አልነበረም። በክዳኑ፣ በመተንፈሻ ቱቦው፣ በየብሎኑ ሥር። አንድ ቀዳዳ ስፈልግ ሞተሩ በሙሉ አልቦት አገኘሁት። በክዳኖቹ መጋጠሚያ የሚገቡትን ጋስኬቶች ቀየርኩ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፤ ባሰበት። ደግሞ ከጭስ ማውጫው የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል። አፍንጫዬን ተጠራጠርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት ዘይቱን ላወጣው ወሰንኩ። የዘይት መለኪያው ከተሰበረ ስለቆየ ውስጡ ምን ያህል እንዳለ ያየ የለም፤ እኔም የሚያፈስ ነገር ይጎድላል እንጂ ይሞላል ብዬ አላሰብኩም። የታችኛውን ብሎን ፈታሁ። ሳፋው ሞላ። ባልዲ አመጣሁ። አሁንም ይወርዳል።

«ከምን ጋር ነው የተያያዘው?» አልኩ።

አጎቴ ዞር ብለው የግቢውን ቧንቧ አዩ።

እትዬ ናፊያ ብቅ አሉ። «ምነው ትደፋዋለህ? እኔ እኮ ነኝ የጨመርኩት።»

«ምን ጨመሩ?»

«ዘይት ነዋ! ለይላን ገበያ አድርሶ ሲመጣ ባዶውን ልመልሰው? የሰው ሳህን እንኳ ባዶውን አይመለስም።»

«የሞተር ዘይት?»

«ቤት ያለውን ነዋ። ምን፣ የእኔ ዘይት አይረባም?»

ለካ የአቦከር ሰፈሩ ሚኪያስም ጨምሯል። ዓሊዪም ጨምሯል። የተዋሰ ሁሉ ቀድቶበታል፤ መሬት ላይ ጠብታ ያየ ደግሞ አዝኖ አክሎበታል። ሞተሩ አያፈስም፤ ጠግቦ ይተፋል እንጂ።

እትዬ ናፊያ ወደ ቤታቸው ሲገቡ «አትጨምሩ ብለን እንንገራቸው» አልኩ።

አጎቴ እጄን ያዙ። «አብደሃል? ስጦታችሁ አስጠላን ልትል ነው? ከዚያ ማን ይዋሰኛል?»

መላውን የመቱት እሳቸው ናቸው። ለሞተሩ የሚበቃውን ብቻ ሞላንለትና ከመቀመጫው ሥር የዱቄት ወተት ጣሳ አሰርን። «ዘይት» ብለው በቀይ ቀለም ጻፉበት። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም። ሥሩ ያነጠፍነው ካርቶን ደረቅ እንደሆነ መሸ።

አመሻሹ ላይ እትዬ ናፊያ ለሙሽራዋ ሂና እንዲያመጡ አጎቴን ላኳቸው። አጎቴ ሲመለሱ እትዬ ናፊያ ጣሳው ውስጥ ዘይት ቀዱና «አፉን አሰፋችሁት፣ ጎበዞች!» ብለው ገቡ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ናፊያ የሠርግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው መጡ። ጎንበስ አሉ። የታጠበው ድንጋይ ላይ አንዲት ጠብታ ነበረች። ጣሳው ያፈሳል። አጎቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

እትዬ ናፊያ ጠብታዋን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። ቀና ብለው ሴቶቹን አዩ።

«ወላሂ፣ ይሄ የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ጫማቸውንም አሳረፉባት። «የእኔ ደግሞ አይቆጠርም። መምህር፣ ያስነሱት እንጂ! ከበሮውን ማን ያምጣልኝ?»