በሩ ላይ የቆመው ሰው

የኔሰው ከቢቸና ሞጣ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ያም ሆኖ ጉበቱን ካመመው ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ጎረቤቱ «ወፍ መትቶት ነው» ብሎ ቅጠል አጠጣው። በኋላ ባሕር ዳር ሄዶ ሲመረመር የጉበት ቫይረስ እንዳለበት፣ ጉበቱም መጠጠር እንደጀመረ ነገሩት። መድኃኒቱን እየወሰደ መኪናውን ከመንዳት አልቦዘነም። ሰው ሁሉ ጤነኛ ይመስለው ነበር። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ የእግሩን ማበጥ የምታየው ሚስቱ ብሩክታይት ብቻ ነበረች።

ኮሮና በገባ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ ሁለቱም ሳል ጀመራቸው። እሷን ጥቂት ቀን አስተኝቶ ለቀቃት። እሱን ግን ትኩሳቱ ሳይበርድ ዓይኑ እንደገና ቢጫ ሆነ፤ ሆዱም ውኃ ቋጥሮ ተወጠረ። አምቡላንስ መጥቶ ሞጣ ወደሚገኘው የኮሮና ማዕከል ወሰደው። አብራው ልትሄድ ስትል አስታማሚ አይገባም አሏት።

በማግስቱ ደወለላት።

«ዛሬስ በሰው መኪና ሞጣ ገባሁ» አላት እየሳቀ። «ሾፌሩ ልጅ የመንገዱን ጉድጓድ አያውቀው፤ አንዱንም ሳያስቀር አስቆጠረኝ።»

ከዚያ በኋላ ድምፁ እየከበደ ሄደ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሲደውል ቃላቱ አንዱ ከአንዱ እየራቁ ይወጡ ነበር።

«ብሩክታይት፣ ሰውየውን ለምን ውጭ አቆምሽው?»

«የቱን ሰውዬ?»

«በሩ ላይ የቆመውን ነዋ። ዝናብ እየደበደበው ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ አስገቢው እንጂ።»

ብሩክታይት ዞር ብላ አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውጭው ፀሐይ ነው።

«ኧረ ማንም የለም፣ የኔሰው።»

«እያየሁት የለም ትይኛለሽ?» ብሎ ተቆጣ። ተቆጥቷት የማያውቅ ሰው ነበር። ስልኩ ተዘጋ፤ ብትደውል የሚያነሳ ጠፋ። ጠዋት መሞቱን አረዷት።

ሞጣ ስትደርስ ሳጥኑ በምስማር ተመትቶ ነበር። ፊታቸው የማይታይ፣ ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች ቀበሩት። እሷ በገመድ ከተከለለው ወዲያ ማዶ ቆማ አየች። ፊቱን አላየችም፤ ሳጥኑ ውስጥ እሱ ይሁን ሌላ ሰው በምን ታውቃለች?

ቢቸና ከተመለሰች በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። እህል ስትለቅም በሩ ላይ የሆነ ሰው ብርሃኑን ይጋርድባታል። ቀና ስትል ማንም የለም። ዝናብ ሲጥል ይብሳል፤ ትከሻውን ሰብስቦ የቆመ፣ ግን እግሩን ከደጃፉ የማያሳልፍ ሰው መኖሩ በጀርባዋ ይሰማታል። «ይግቡ» ትላለች። የሚገባ የለም። ጎረቤቶቿ ጠበል ውሰዷት መባባል ጀመሩ። እሷን የሚበላት ግን ፍርሃቱ አልነበረም። የመጨረሻ ልመናውን «ማንም የለም» ብላ መመለሷ ነበር።

መስከረም አልፎ አንዲት ነርስ ቤቷን አጠያይቃ መጣች። ሲስተር እስከዳር ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት፣ ሞጣ ተመድባ የምትሠራ።

«እትዬ ብሩክታይት፣ ያን ቀን ስልኩን በጆሮው ይዤለት የነበርኩት እኔ ነኝ» አለቻት ገና ሳትቀመጥ። «እሱን ሳረጋጋ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ምን አስበው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ተቆጥቶኝ ነው የሞተው?»

«እሱ አልነበረም የተቆጣው፤ በሽታው ነው። የታመመ ጉበት መርዙን ማጣራት ሲያቅተው ወደ ጭንቅላት ይወጣል። ሰው ቀኑን ከሌሊት ያምታታል፤ የሌለ ነገር ያያል። ሳንባው እንኳ ትንሽ ተሽሎት ነበር። ኮሮናው ግን እንደ ምንም ቆሞ የነበረውን ጉበቱን ጣለው።»

ብሩክታይት በሩን ዞር ብላ አየች።

«ሰውየውን ለእኔም ጠቁሞኝ ነበር» አለች እስከዳር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የክፍሉን በር ከፈትኩና ‹ይግቡ አባቴ› አልኩ። ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለኝና ተረጋግቶ ተኛ።»

ያኔ ነው ብሩክታይት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከተቀበረ ወዲህ አልወጣ ያላት ለቅሶ የወጣላት።

ቫይረሱ ከባል ወደ ሚስት ሊተላለፍ ስለሚችል እስከዳር ሞጣ ወስዳ አስመረመረቻት። ደሟ ነጻ ሆነ፤ ጉበቷም ደህና ነበር። ወደፊት እንዳይዛት ክትባቱን ጀመሩላት።

ብሩክታይት መርፌ የተወጋችበትን ክንዷን ይዛ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ እሱ ያየው ከጉበቱ ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«የኔ ጉበት ደህና ነው አላችሁኝ።»

«በጣም ደህና ነው።»

«ታዲያ እኔ በሬ ላይ የማየው ሰው ከየት የመጣ ነው?»

እስከዳር ጠጋ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የቢቸናው መኪና እስኪሞላ ድረስም ከዚያ አልተነሳችም።